የሎሚው ሁለት የማን ነው?

«ሎሚ 2 ነው» ይላል ተማሪው፤ መምህሩም ራሱን ነቅንቆ ይቀበለዋል። ሎሚ ቢጫ ነው፣ ሎሚ ድቡልቡል ነው፣ ሎሚ 2 ነው፤ ሦስቱ አባባሎች በአነጋገር አንድ ስለሆኑ በነገርም አንድ ይመስላሉ። ድቡልቡልነቱን ግን ሎሚው ጉሊት ላይ ተደርድሮ ሳለም ይዞት ነበር፤ ማንም ሳይነካው ድቡልቡል ነው ብንል የሚከራከረን ጥቂት ነው። 2ን ከየት አመጣው? የአሲድ መለኪያው ወረቀት እስኪነከርበት ድረስስ የት ነበረ? ጭማቂው ውስጥ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ነው፣ የቀለሙን ሰንጠረዥ ያተመው ፋብሪካ ዘንድ ነው፣ ወይስ ተማሪው ዓይን ውስጥ? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ የልጅ ጥያቄም ነው፤ ክፍል ውስጥ ቢነሳ «ሰዓት የለንም» ተብሎ የሚታለፈውም ስለዚህ ይሆናል። እኔ ግን ለሙከራ ከሚደረደሩት ፈሳሾች ሁሉ በፊት መመርመር ያለበት እሱ ይመስለኛል። መለካት ምን ማድረግ እንደሆነ ሳንጠይቅ የሰበሰብነው ቁጥር ደብተር ይሞላል፤ እውቀት መሆኑ ግን ያጠራጥራል።

ሙከራው ራሱ ቀላል ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ቤተ ሙከራው የተቆለፈ ወይም የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ስለሆነ ሥራው የሚሠራው መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተማሪዎች ከየቤታቸው ያመጡት ፈሳሽ በተቆረጠ ሃይላንድ ይደረደራል፤ የሎሚ ጭማቂ፣ አቸቶ፣ ወተት፣ የአምቦ ውሃ፣ የቧንቧ ውሃ፣ የሳሙና ውሃ፣ ከምድጃ አመድ የተጠለለ ውሃ፤ ከአቸቶው ራቅ ብሎ ደግሞ፣ ሁለቱ ከተቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ፣ በረኪና። ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ጫፉ ይነከራል። እርጥበቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ቀለሙ ግን እኩል አይከተለውም፤ ከታች የደመቀው ወደ ላይ ሲሄድ ይገረጣል፣ እርጥበቱ የቆመበት ላይ ቀጭን የጠቆረ መስመር ይቀራል። ከዚያ ወረቀቱ ጥቅሉ ላይ ከታተመው የቀለም ሰንጠረዥ ጎን ይያዛል፤ ክርክሩም ይጀመራል። አንዷ ቀይ ነው ትላለች፤ ሌላው ብርቱካናማ ነው ይላል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ወደ መስኮቱ አምጡት ይላል። በመጨረሻ አንዱ «በቃ 2 ተኩል በሉት» ብሎ ይገላግላቸዋል። ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ይኸው ነው። ክርክሩ፣ መስኮቱ፣ ሽምግልናው አይጻፉም። የቁጥር ጠባይ ነው፤ እንዴት እንደተወለደ አይናገርም።

ለመሆኑ ያ ቁጥር ምን ይላል? ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ፒኤች የተባለውን መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1909 ያቀረበው ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ሲሠራ ነው፤ ላቦራቶሪውን ያቋቋመው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ነበር። ሶረንሰን የሚያጠናው ኤንዛይሞችን ነው። ኤንዛይም ደግሞ ፈሳሹ ላይ ስንት ጠብታ አሲድ እንደፈሰሰ ደንታ የለውም፤ የሚነካው በዚያች ቅጽበት ነፃ ሆኖ የሚገኘው የሃይድሮጅን አዮን ነው። ይህ መጠን እጅግ ትንሽ ነው፤ ከፈሳሽ ፈሳሽም በሚሊዮኖች እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ መጠኑን በመጻፍ ፈንታ ሎጋሪዝሙን፣ ያውም የመቀነስ ምልክቱን አንሥቶ፣ መጻፍ ተመረጠ፤ በሊትር 0.01 ሞል የነበረው 2 ተባለ፣ 0.0000001 የነበረው 7 ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል፤ አንድ ርምጃም አንድ ርምጃ አይደለም፣ አሥር እጥፍ ነው። ተማሪዎች ይህን ይጽፉታል፣ ለፈተና ያጠኑታል፤ ከዚያ አንዱ ቡድን 2፣ ሌላው 4 ሲያገኝ ያለ ማመንታት «አማካዩ 3» ይላሉ። ወደ አዮኖቹ ወርደን ብናሰላ ግን የ0.01 እና የ0.0001 አማካይ፣ ወደ ፒኤች ሲመለስ፣ 2.3 ገደማ ነው። በሒሳብ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አማካይ የምንለው ነገር ከመደመራችን በፊት ምን እየደመርን እንደሆነ መወሰናችንን ይጠብቃል፤ ይህን ደግሞ ሎሚው አይወስንልንም። ከ2 እስከ 3 ያለው ርቀት ከ6 እስከ 7 ካለው ጋር እኩል የሆነው ሰንጠረዡ ላይ ነው፤ ጭማቂው ውስጥ ያለው ልዩነት በ10,000 እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ የፈሳሾቹ ነው ብንል እንኳ ርቀቱ የእኛ ምርጫ መሆኑን መካድ አንችልም።

ከወረቀቱ በፊት ሌላ ዳኛ ነበረ፤ ምላስ። ወረቀቱ ሎሚንና ኮካ ኮላን ጎረቤት ያደርጋቸዋል፤ ሁለቱም 2 ተኩል አካባቢ ናቸው። ምላስ ይህን አይቀበልም። የወረቀቱ ጠበቃ «ስኳሩ አታልሎህ ነው» ይላል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ 10 ግራም ያህል ስኳር ስላለ ክሱ ከንቱ አይደለም። ስኳሩ ይቅር ብንልስ? ሃይድሮክሎሪክ አሲድንና የአቸቶውን አሴቲክ አሲድ በውሃ በጥብጠን ፒኤቻቸውን እኩል ብናደርግ፣ ለወረቀቱ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለምላስ ግን አይደሉም፤ አሴቲኩ ይበልጥ ይኮመጥጣል። (ይህ ክፍል ውስጥ የሚቀመስ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በፊት የቀመሱት አሉ።) ምክንያቱ ግልጽ ነው። 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ባለው አቸቶ ውስጥ ሃይድሮጅኑን የለቀቀው ከ200 ሞለኪውል አንዱ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ይዞ ተቀምጧል፣ የተለቀቀው ሲወሰድ ሌላ ይለቃል። ሃይድሮክሎሪኩ ግን ያለውን ሁሉ አንድ ጊዜ ለቅቋል። በእኩል ፒኤች ላይ ያሉትን ሁለቱን ፈሳሾች በሶዳ ልናበርዳቸው ብንነሳ አቸቶው 200 እጥፍ ያህል ሶዳ ይጠጣል። ወረቀቱ የሚናገረው አሁን ስለተለቀቀው ነው፤ ሶዳው የሚናገረው ስለተለቀቀውም ስለተቀመጠውም በአንድነት ነው፤ ምላስ ደግሞ በሁለቱ መካከል፣ በራሱ መንገድ፣ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይሰማል። እንግዲያስ የአቸቶው አሲድነት የቱ ነው? ምላስ ተሳሳተ ማለት ቀላል ነበር፤ ግን የተሳሳተ መልስ አልሰጠም፣ ሌላ ጥያቄ ነው የመለሰው። አንድ ስም ይዘን ሦስት ነገር ስንፈልግ ቆይተን ኖሯል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ትርጉሙን አስተካክል፣ ችግሩ ያልቃል» ይለኝ ይሆናል። የአሲድ ትርጉም ግን ስንት ጊዜ ተስተካክሏል! ኬሚስቱ ላቮዚዬ አሲድን አሲድ የሚያደርገው ኦክስጅን ነው ብሎ ለጋዙ ስም እስከ ማውጣት ደረሰ። ሌላው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1810 ገደማ ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ የምንለው አሲድ ውስጥ ጭራሽ ኦክስጅን እንደሌለ አሳየ፤ ትርጉሙም ወደቀ። ስዊድናዊው አሬኒየስ በ1884 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ በጀመረው ንድፈ ሐሳብ አሲድ ውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ ሆነ፤ በ1923 ብሮንስቴድና ላውሪ፣ አንዱ በኮፐንሃገን ሌላው በእንግሊዝ፣ አሲድ ፕሮቶን ለጋሽ ነው አሉ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሉዊስ ነገሩን ከሃይድሮጅን አላቅቆ ወደ ኤሌክትሮን ጥንድ ወሰደው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሎሚው እዚያው ነው። የሚገርመኝ ግን የዴቪ ድል ነው። የላቮዚዬን ትርጉም ለመጣል ዴቪ አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት፤ ኦክስጅን የሌለው ያ ፈሳሽ በእርግጥ አሲድ መሆኑን። ይህን በምን ዐወቀ? በትርጉሙ እንዳይባል፣ በትርጉሙ መሠረት አሲድ አልነበረም። የዐወቀው ስለሚኮመጥጥና ሊትመስ የተባለውን የወረቀት ቀለም ስለሚያቀላ ነው። ትርጉሙ የተረታው ትርጉም በሌላቸው በእነዚያ በአሮጌዎቹ ምስክሮች፣ በምላስና በወረቀት ነው። እንግዲህ ትርጉም ነገሩን እንድናውቅ ይረዳናል ብንልም፣ ትርጉሙ ልክ መሆኑን የምናውቀው ነገሩን ቀድመን ካወቅነው ብቻ ነው። ይህ ክብ መውጫ የሌለው ይመስላል፤ ሳይንስ ግን በዚሁ ክብ ላይ እየዞረ ሲሄድ ኖሯል፣ ያውም ወደፊት። እንዴት እንደሚቻለው ሳስበው፣ አሮጌዎቹን ምስክሮች አንድ ጊዜ አምኖ፣ አዲስ ምስክር በእነሱ ዋስትና አቁሞ፣ ከዚያ በአዲሱ ምስክር ዓይን አሮጌዎቹን መልሶ ስለሚመረምራቸው ይመስለኛል። ወረቀቱ ሥልጣኑን ያገኘው ከምላስ ነው፤ ዛሬ ግን ምላስን ይከሳል።

የወረቀቱን ምስክርነት ራሱን እንየው። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1664 ስለ ቀለማት ባሳተመው መጽሐፍ የቫዮሌት አበባ ሽሮፕ አሲድ ሲነካው እንደሚቀላ፣ አልካሊ ሲነካው ደግሞ አረንጓዴ እንደሚሆን ጽፏል። ሊትመስም ከላይክን የሚወጣ ቀለም ነው። ወረቀት ያጣ መምህር ከርካዴ ያፈላል፤ ሎሚ ጠብ ሲልበት ይበልጥ ይቀላል፣ የሳሙና ውሃ ሲነካው መቅላቱን ትቶ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ለምን? የቀለሙ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ሲቀበልና ሲለቅ ቅርጹ ስለሚለወጥ፣ ከቅርጹም ጋር ቀለሙ ስለሚለወጥ ነው። ሃይድሮጅን የሚለቅ ማለት ግን አሲድ ማለት ነው። መምህራን ኢንዲኬተር የሚሉት ነገር ራሱ ደካማ አሲድ ነው፤ አሲዱን በአሲድ ነው የምንጠይቀው። ሎሚ ውስጥ ይህ አይጎዳም፤ የጠያቂው ድርሻ ከተጠያቂው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ከርካዴውን ንጹሕ ውሃ ላይ ብታፈሱት ግን ከርካዴ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ፈሳሹ የሚነግራችሁ ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ከርካዴው ነው። ጠላንና ቡናን የመሰለ ራሱ ቀለም ያለው ፈሳሽ ደግሞ ወረቀቱን በራሱ መልክ ይቀባውና መልሱን ይሸፍነዋል። የተማሪዎቹ ዓይን የየራሱ ነው፤ ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ልጅ ከመካከላቸው ሊኖር ይችላል፤ እሱም እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ራሱ አያውቅ ይሆናል። ፈሳሹን ሲለኩ እሱን ለክተውት አረፉ።

ከሁሉ የሚቸግረው ግን ምንም የሌለበት ፈሳሽ ነው። መጽሐፉ የተጣራ ውሃ 7 ነው ይላል። ክፍል ውስጥ ክፍት ሃይላንድ ውስጥ የቆየ የተጣራ ውሃ ግን 7 አይሆንም፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጠጣ ወደ 5.6 ይወርዳል። በዚያ ላይ 60 ልጅ ጠረጴዛውን ከቦ ይተነፍሳል። የአምቦ ውሃው በተቃራኒው ነው፤ ቆርኪው ከተከፈተ ጀምሮ ጋዙን ለክፍሉ አየር እየሰጠ አሲድነቱ ይቀንሳል። ሁለቱ ሃይላንዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ወደ ታች አንዱ ወደ ላይ ሲጓዙ ተማሪው ሁለቱንም «የ» ብሎ ይጽፋቸዋል፤ የውሃ ፒኤች፣ የአምቦ ፒኤች። ብዙ ነገር የተሸከመው ሎሚ ትንፋሻችንን ችላ ብሎ ቁጥሩን ይዞ ይቆያል፤ ንጹሑ ውሃ ግን መቋቋሚያ የለውም። ንጽሕና የሚታወቀው ባለመነካት ከሆነ፣ ነክተን ልናረጋግጠው መሞከራችን ራሱ ተቃርኖ አለበት። ያ 7ም ቢሆን እንደሚታሰበው የተከበረ ቁጥር አይደለም። 7 ገለልተኛ የሚሆነው 25 ዲግሪ ላይ ነው። በሰውነታችን ሙቀት ላይ ንጹሕ ውሃ 6.8 ነው፤ 100 ዲግሪ ላይ 6.1 ገደማ ነው። ኮምጥጦ አይደለም፤ የሁለቱ ተቃራኒ አዮኖች ቁጥር አሁንም እኩል ነው፣ ሁለቱም በዙ እንጂ። ገለልተኝነት የእኩልነት ስም ነው፤ 7 የዚያ እኩልነት የአንድ ቀን አድራሻ ነው።

ወተቱ ላይ ደግሞ ጠብ ይነሳል። መጽሐፉ 6.6 ገደማ ይላል። ንጋት ላይ ታልቦ፣ በቦርሳ ተይዞ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል የደረሰ ወተት 5 ቢያሳይ መምህሩ «ተሳስተሻል፣ ድገሚው» ይላል፤ ልጅቷም ደግማ 5 ስታገኝ ከጓደኛዋ 6.6ን ትገለብጣለች። በእኔ ፍርድ የዚያን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ እውነተኛ ልኬት ተደርጎ ነበር፤ እሱም ተሰረዘ። መልሱን አስቀድመን ካወቅነው የምንለካው ተማሪዋን ነው፤ ወተቱን አይደለም። ፈተና መሆኑ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሙከራ ብለን መጥራታችን ነው። ደግሞስ የወተት ፒኤች የሚባል ነገር አለ? ላሟ ከታለበች ጀምሮ ባክቴሪያው ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ እየለወጠ ነው፤ 4.6 አካባቢ ሲደርስ የወተቱ ፕሮቲን ይረጋና ፈሳሹ እርጎ ይባላል። እዚያ ላይ ስሙ ይቀየራል፤ ነገሩ ግን መንገድ ላይ የነበረው ከመጀመሪያው ነው። የጤፍ ሊጥም ከተቦካበት ሰዓት እስኪጋገር ድረስ በየሰዓቱ ሌላ ቁጥር ነው፤ አብሲት እስኪጣልበት የምትጠብቅ የቤት እመቤት ይህን ያለ ወረቀት ታውቀዋለች። የመጽሐፉ ሰንጠረዥ «የዕለት ተዕለት ፈሳሾች» ይላቸዋል፤ እነሱ ግን በየዕለቱ አንድ አይደሉም። ሰንጠረዡ ውስጥ ለመግባት አንድ ነገር መቆም አለበት፤ የቆመ ወተት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ እንጂ ኑሮ ውስጥ የለም።

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ የክፍሉ ድህነት ነው ሊባል ይችላል፤ ጥሩ መሣሪያ ቢኖር፣ ፈሳሹ ቢቀዘቅዝ፣ አየሩ ቢዘጋ እውነተኛው ቁጥር ይወጣ ነበር ይባላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይብሳል። ሶረንሰን በ1909 መስፈርቱን ያቆመው በአዮኖቹ ክምችት ላይ ነበር። በ1924 ግን ራሱ ከባልደረባው ከሊንደርስትሮም ላንግ ጋር ሆኖ መሠረቱን ወደ ሌላ ነገር አዛወረው፤ ኬሚስቶች አክቲቪቲ ወደሚሉት፣ ማለትም አዮኖቹ በጎረቤቶቻቸው ከተሳቡና ከተገቱ በኋላ ወደሚቀራቸው ውጤታማ ድርሻ። ዛሬም ያለው ትርጉም ይኸው ነው። ችግሩ ፖዘቲቭ አዮን ብቻውን አለመገኘቱ ነው፤ ሁልጊዜ ኔጌቲቭ አጣማጅ አለው። የጥንዱን አክቲቪቲ መለካት ይቻላል፤ የአንዱን ለይቶ መለካት ግን አይቻልም፤ መሣሪያው ስለሚያንስ ሳይሆን፣ በቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ማናቸውም ሙከራ ሁለቱን ነጣጥሎ ሊያያቸው ስለማይችል። እንግዲህ ፒኤች በትርጉሙ መለካት የማይቻል ነገር ስም ነው! ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረትም ትርጉሙ በሐሳብ ደረጃ ያለ መሆኑን አይደብቅም። ታዲያ በየሆስፒታሉና በየፋብሪካው የሚለካው ምንድን ነው? ስምምነት ነው። ባፈር ለሚባሉ ጥቂት ድብልቆች ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ቁጥሩ የተገኘው ጥንዱን በጥንቃቄ በመለካት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1960 ኬሚስቶቹ ቤትስና ጉገንሃይም ባቀረቡት ደንብ መሠረት የአጣማጁ የክሎራይድ አዮን ድርሻ ይህን ያህል ይሁን ተብሎ ነው። መሣሪያው በባፈሩ ይስተካከላል፤ ወረቀቱ በመሣሪያው ይታተማል፤ ተማሪው በወረቀቱ ያነባል። መስኮቱ አጠገብ «2 ተኩል በሉት» ያለው ልጅና ደንቡን ያወጡት ሊቃውንት በትጋት እንጂ በዓይነት አይለያዩም ብል ማጋነን ይሆንብኛል? ትንሽ ይሆናል።

ምክንያቱም ስምምነት ሁሉ እኩል አይደለም። ባፈሩ 4.01 ይባል ወይም ሌላ፣ ማንም ጉባኤ ተሰብስቦ ሎሚን ከሳሙና ውሃ በላይ ሊያስቀምጠው አይችልም። ስምምነቱ ችንካሩ የት እንደሚመታ ይወስናል፤ ፈሳሾቹ ከችንካሩ ወዴት እንደሚሸሹ አይወስንም። ኪሎግራምም እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ ፓሪስ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የብረት ቁራጭ ነበር፤ በዚያ ስምምነት የጤፍ ኩንታል ሐሰት አልሆነም። ልዩነቱ ብረቱን በእጅ መያዝ ይቻል ነበር፤ ብቻውን የቆመ የሃይድሮጅን አዮን ግን ማንም አልያዘም፣ አይይዝምም። ይህ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመልሰኛል። የሎሚው 2 የሎሚው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሳይነካው በተገኘ ነበር፤ የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ፍላጎታችን በተለወጠ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። የለመድነው አስተሳሰብ ግን አንድ ባሕርይ የአንዱ ነገር ንብረት መሆን አለበት ይላል፤ ባለቤቱ ካልታወቀ ቅዠት ነው ይላል። ወንድምነት የማን ነው? ከበደን ብቻውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ብንመረምረው ወንድምነቱን አናገኘውም፤ ግን ወንድም አለው፣ ርስቱንም ከእሱ ጋር ይካፈላል። 2ም በሎሚው፣ በውሃው፣ በባፈሩና በሙቀቱ መካከል እንዲህ ያለ እውነት ይመስለኛል። ይህን ብዬ ግን ሙሉ በሙሉ አላረፍኩም። ወንድምነት ስንት ወገን እንዳለው እናውቃለን፤ የ2ን ወገኖች ቆጥረን እንደጨረስን የሚነግረን የለም።

የመጽሐፉ ሰንጠረዥ ከ0 እስከ 14 ይሄዳል፤ ተማሪም ተፈጥሮ እዚያ የምታበቃ ይመስለዋል። ከዚሁ ከአገራችን ሳንወጣ፣ አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ከምድር የሚፈልቀው ቢጫና አረንጓዴ ውሃ ከ0 በታች ተለክቷል። በዚያ ውሃ ውስጥ ሕይወት አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ተቃራኒ መልስ አሳትመዋል። ለእኔ የሚያስገርመው ሌላ ነው። መደበኛዎቹ ባፈሮች የሚሸፍኑት ከ1.7 እስከ 12.5 ገደማ ያለውን ነው፤ ከዚያ ውጭ ችንካር የለም። በዚያ ላይ የዳሎል ውሃ ጨው የጠገበ ነው፤ ጎረቤት የበዛበት አዮን ደግሞ አክቲቪቲው ከክምችቱ እጅግ ይርቃል። እንግዲህ ቁጥሩ በጣም አስደናቂ በሆነበት ቦታ ላይ ድጋፉ በጣም የሳሳ ነው። ከ0 በታች የሚለው ንባብ ውሸት አይደለም፤ ግን የሎሚው 2 ማለት የሚችለውን ያህል ማለት አይችልም። ሻላ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ 10 ገደማ የሚያነብ ሰው ገና በስምምነቱ አጥር ውስጥ ነው፤ ዳሎል ላይ ያለው ግን አጥሩን ዘሎ ወጥቶ በሌሎች ስሌቶች ተደግፎ ነው የሚናገረው።

ይህ ሁሉ የሥራ ፈት ነገር የሚመስለው ሰው ካለ የአፈር ላቦራቶሪ ይጎብኝ። በጎጃምና በወለጋ ሰፊ መሬት ኮምጥጧል፤ ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል። አንዱ ላቦራቶሪ አፈሩን በውሃ በጥብጦ ይለካል፤ ሌላው በፖታሺየም ክሎራይድ ይበጠብጠዋል፤ ከአንድ ማዳበሪያ ከረጢት የተወሰደ ያው አፈር ሁለት ቁጥር ይዞ ይወጣል፣ የሁለተኛውም ብዙ ጊዜ እስከ 1 ነጥብ ይወርዳል። ጨው ያለበት ፈሳሽ የሸክላው ቅንጣት ላይ ተጣብቆ የነበረውን አሲድ ስለሚያስለቅቅ ነው፤ ማንኛቸውም አልተሳሳቱም። ገበሬው ግን ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ አልጠየቀም። የጠየቀው ለሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚበትን ነው። አሸዋማ መሬትና ሸክላማ መሬት ሁለቱም 5 ቢያነቡ ሸክላማው ብዙ እጥፍ ኖራ ሊፈልግ ይችላል፤ የያዘው ከለቀቀው ይበልጣልና። ስለዚህ ባለሙያው ፒኤቹን ከጻፈ በኋላ ያንኑ አፈር እንደገና ይወስድና የተጣበቀው አሲድ ስንት እንደሆነ ለማወቅ፣ ጠብታ በጠብታ፣ ቤዝ ማፍሰስ ይጀምራል።